ምትሃትን ከመጽሐፍ እንማር ወይስ ከቪዲዮ? ሁለቱን አጣምሮ የመማር መመሪያ

በካርታ ወይም በሳንቲም ሰው ማስደነቅ ያማረው ጀማሪ ቀድሞ የሚከፍተው ዩቲዩብን ነው። ይገባኛል። ነፃ ነው፣ ቅርብ ነው፣ አስተማሪውም እጁን እያሳየ ነው የሚያስረዳው። የቆዩ ማጂሺያኖች ግን ዛሬም ለጀማሪ «መጽሐፍ አንብብ» ይላሉ። እኔ ከእነሱ ወገን ነኝ። ቪዲዮን ተዉት ግን አልልም። የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ዘዴውን ከመጽሐፍ ጀምሩ፣ የእጁን ምት ከቪዲዮ ውሰዱ፣ ከዚያ ወደ መጽሐፉ ተመለሱ።

ለምን ከመጽሐፍ? ቪዲዮ ስታዩ ዘዴው ብቻውን አይመጣም። የሰውየው አነጋገር፣ የትከሻው አያያዝ፣ ቀልዱ ሳይቀር አብሮ ይጋባባችኋል። ሳታውቁት የእሱ ቅጂ ትሆናላችሁ። መጽሐፍ ካርታው የት እንዳለና እያንዳንዱ ጣት ምን እንደሚሠራ ይነግራችኋል፤ ቃሉን፣ ፍጥነቱንና ፀባዩን ግን ከራሳችሁ ማምጣት ግድ ነው። ተመልካች የሚወደውም እሱኑ ነው።

ዕቃችሁን አዘጋጁ

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። አንድ ካርታ፣ ጥቂት ሳንቲሞች፣ ደብተርና ካሜራ ያለው ስልክ።

ካርታው የወረቀት ይሁን። ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ የሆነው ርካሽ ካርታ በጀማሪ እጅ አይታዘዝም፤ ወይ ያመልጣል ወይ እርስ በርሱ ይጣበቃል። አብዛኞቹ መጽሐፎች የሚያወሩት ስለ ፖከር መጠን ካርታ ነው፤ ወርዱ 63 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 88 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባይስክል የሚባለው የአሜሪካ ካርታ በብዙ ማጂሺያኖች እጅ የሚታየው ለዚህ ሥራ ስለሚመች ነው። ከተቻለ ሁለት ግዙ፤ አንዱ በልምምድ ሲያረጅ ሌላው ለሰው ማሳያ ይቆያል። ጆከሮቹን አውጥታችሁ 52ቱን ብቻ ያዙ።

ሳንቲም ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአሜሪካ መጽሐፎች የሚያስተምሩት በግማሽ ዶላር ነው። ስፋቱ 30.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መዳፍ ውስጥ ለመያዝ ይመቻል። የእኛ የ1 ብር ሳንቲም ከእሱ አነስ ይላል። ስለዚህ መጽሐፉ «በመዳፋችሁ ጡንቻ ያዙ» ሲልና ሳንቲሙ ሲወድቅባችሁ፣ ጥፋቱን ሁሉ በእጃችሁ አታድርጉ። ከታች በማስተምራችሁ ዘዴ ላይ የ1 ብሩ በቂ ነው። አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ ባንክ ጠይቃችሁ ግማሽ ዶላር ማግኘት ትችላላችሁ።

አንድ መጽሐፍ ብቻ ምረጡ

ጀማሪን የሚያደክመው የመጽሐፍ ብዛት ነው። አንዱን ይዛችሁ ዝለቁ።

በካርታ ምትሃት ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የታተመው «ዘ ኤክስፐርት አት ዘ ካርድ ቴብል» ነው። ደራሲው ኤስ. ደብልዩ. ኤርድኔዝ በሚል የብዕር ስም ነው ያሳተመው። ትክክለኛ ማንነቱ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አይታወቅም። የቅጂ መብቱ ስላለፈ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። በ1894 ካናዳ፣ ኦታዋ የተወለደው ታላቁ ማጂሺያን ዳይ ቨርነን ገና በልጅነቱ ይህን መጽሐፍ እያጠና ነው ያደገው፤ በ1992 በ98 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስም ስለ መጽሐፉ ሲያስተምር ኖሯል። ይሁን እንጂ ለጀማሪ አልመክረውም። ግማሹ የቁማር ማጭበርበሪያ ዘዴ ነው፣ አጻጻፉም ድርቅ ያለ ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሦስት አራት የጣት እንቅስቃሴ ተሸክሟል። በነፃ ስለተገኘ ብቻ በእሱ የጀመረ ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ለካርታ ጀማሪ የሚሻለው የዣን ሁጋርድና የፍሬደሪክ ብራው «ዘ ሮያል ሮድ ቱ ካርድ ማጂክ» ነው። አሠራሩ ብልህ ነው። ምዕራፉ አንድ ዘዴ ያስተምርና፣ ወዲያው በዚያ ዘዴ የሚሠሩ ትርኢቶችን ይሰጣል። በመጀመሪያው ምዕራፍ የምትማሩት ካርታ መበወዝን ነው፤ እሱን ብቻ ይዛችሁ ሰው ፊት መቅረብ ትችላላችሁ። ለሳንቲም በ1952 የወጣው የጄ. ቢ. ቦቦ «ሞደርን ኮይን ማጂክ» አለ። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ከሆነ ግን የማርክ ዊልሰንን የ1975 «ኮምፕሊት ኮርስ ኢን ማጂክ» አስቀድሙ። እያንዳንዱ እርምጃ በሥዕል ስለተሠራ ጽሑፉን በግማሽ እየተረዳችሁም መከተል ትችላላችሁ። ገመድ፣ ብርጭቆ፣ መሐረብ፣ ሁሉም አለበት።

እንዴት እንደሚነበብ

የምትሃት መጽሐፍ ተጋድሞ አይነበብም። ካርታው እጃችሁ ላይ ሆኖ፣ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣችሁ ነው።

መጀመሪያ የትርኢቱን ገለጻ አንብቡ፤ ማለትም ተመልካቹ የሚያየውን ብቻ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትርኢቱን በሐሳባችሁ ተመልከቱት። ብዙዎች ይህን ዘልለው ወደ ሚስጥሩ ይሮጣሉ፤ ስለዚህ ምን እንዲመስል እንደሚፈልጉ ሳያውቁ ጣታቸውን ያደክማሉ።

ቀጥሎ ዘዴውን አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቡ፣ ሥሩት፣ ቀጥሉ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያደናግር ነገር አለ። የእንግሊዝኛ የምትሃት መጽሐፎች ጣት ሲቆጥሩ አውራ ጣትን አይጨምሩም። «የመጀመሪያው ጣት» ካሉ ሌባ ጣት ነው። «ሁለተኛው» መሃል ጣት፣ «ሦስተኛው» የቀለበት ጣት ነው። ከአውራ ጣት ጀምራችሁ ከቆጠራችሁ እጃችሁ ይጠላለፋል፣ መጽሐፉም ስህተት ያለበት ይመስላችኋል። ግራኝ የሆናችሁ ደግሞ አብዛኛው መጽሐፍ ለቀኝ እጅ እንደተጻፈ አስታውሱና «ቀኝ» የሚለውን ሁሉ በ«ግራ» ለውጡ።

አሁን ለአማርኛ አንባቢ በጣም የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። የገባችሁን ዘዴ በራሳችሁ አማርኛ ደብተር ላይ ጻፉት፤ አጫጭር ትዕዛዝ አድርጋችሁ። «ቀኝ አውራ ጣት ከላይ። ግራ እጅ ዝም። አሁን ወደ ታች።» ከዚያ ቀስ ብላችሁ እያነበባችሁ በስልካችሁ ድምፃችሁን ቅዱት። ሲከፈት ሁለቱም እጃችሁ ነፃ ነው፣ ገጽ መግለጥ የለም፣ ዓይናችሁም ካርታው ላይ ነው። የመጽሐፍ ትልቁ ችግር እጅ መያዙ ነበር፤ በዚህ ይወገዳል። ዘዴውን በራሳችሁ ቋንቋ መጻፋችሁ ደግሞ ያልገባችሁን ቦታ ወዲያው ያጋልጣል። መጻፍ ያቃታችሁ ዓረፍተ ነገር ያልተረዳችሁት ነው።

የመጀመሪያው ትርኢት፦ ቁልፍ ካርታ

ይህ ከመጽሐፍ ብቻ የሚያዝ ነው። የእጅ ቅልጥፍና አይጠይቅም፤ ቪዲዮም አያስፈልገውም።

1. ተመልካቹ ካርታውን በደንብ ይበውዝ። ሲመልስላችሁ ጫፉን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጋችሁ አስተካክሉ። በዚያች ቅጽበት ከሥር ያለውን ካርታ በጨረፍታ እዩ። የልብ 7 ነው እንበል። ይህ ቁልፋችሁ ነው።

2. ካርታዎቹን ፊታቸውን ወደ ታች አድርጋችሁ ዘርጉለት፤ አንድ ይምረጥና አይቶ ያስታውስ። እናንተ አታዩትም።

3. ክምሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ። ከላይ ግማሽ ያህሉን አንስቶ ጎን ያስቀምጥ። የመረጠውን ካርታ ባነሳው ግማሽ ላይ ያድርግ። ከዚያ የቀረውን ግማሽ ከላይ ይጫንበት። አሁን የልብ 7 በቀጥታ ከእሱ ካርታ በላይ አርፏል።

4. ክምሩን ቆርጦ እንዲያገጣጥም አድርጉ፤ ደግሞም ይቁረጥ። መቁረጥ ቅደም ተከተሉን አያፈርስም፣ ያዞረዋል እንጂ። እንዲበውዝ ግን አትፍቀዱ።

5. ከላይ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ፊታቸውን እየገለጣችሁ ደርድሩ። ከልብ 7 ቀጥሎ የሚመጣው የእሱ ነው። የልብ 7 የመጨረሻው ሆኖ ከወጣ ደግሞ የእሱ ካርታ መጀመሪያ የገለጣችሁት ነበር።

ዘዴው ይኸው ነው። አሁን መጽሐፉ የተወላችሁ ሥራ ይጀምራል። የእሱ ካርታ ሲወጣ ወዲያው «ይሄ ነው!» ካላችሁ ሰውየው «እንዴት አወቀ?» ከማለቱ በፊት ወደ ኋላ እያሰበ ካርታ መቁጠር ይጀምራል። ጥቂት ካርታ አልፋችሁ ሂዱ። ከዚያ ቁሙ። እጁን ያዙት ወይም ፊቱን እዩት፤ ጣቱን በተገለጡት ካርታዎች ላይ ቀስ ብሎ እንዲያንሸራትት ጠይቁት። የእሱ ላይ ሲደርስ አስቁሙት። ዘዴው ያው ነው፣ ትርኢቱ ግን ሌላ ሆነ። አጎታችሁ ፊት ስታቀርቡት «እስቲ ጋሼ፣ የሚዋሽ ሰው ጣቱ ይከብደዋል ይባላል» ልትሉ ትችላላችሁ። ለጓደኛ ሌላ ቃል ይኖራችኋል። ከእንግሊዝኛ ቪዲዮ የተቀዳ ንግግር ወደ አማርኛ ሲገለበጥ እንዴት እንደሚሰነካከል ሰምታችሁ ይሆናል። የ1940ዎቹ የአሜሪካ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውንም ቀልድ እንዲሁ ዝለሉት።

ቪዲዮ ሲመጣ

ሁለት ዓይነት ቪዲዮ አለ። አንዱ ሚስጥር የሚገልጥ፣ አንዱ የሚያስተምር። ሚስጥር ገላጩ በሰላሳ ሰከንድ «እነሆ፣ ካርታው እዚህ ነበር» ይልና ያልፋል። ከእሱ የምታገኙት ማወቅን ብቻ ነው፤ መሥራትን አይደለም። የምትሃቱን ክብርም ያወርዳል ብዬ አምናለሁ። አስተማሪ ቪዲዮ የሚታወቅበት ምልክት አለው። ትርኢቱን መጀመሪያ በእውነተኛ ተመልካች ፊት ሙሉውን ያሳያል። ዘዴውን ከማን እንደተማረው ይናገራል። ከፊት ብቻ ሳይሆን ከትከሻው በላይ ሆኖም ያሳያል። «እዚህ ጋ ይበላሻል» ብሎ የሚበላሸውን ቦታ ይጠቁማል።

ከትከሻ በላይ የተቀረጸው ለምን ይሻላል? አስተማሪው ፊት ለፊት ሲሆን የእሱ ግራ ለእናንተ በቀኝ በኩል ነው የሚታየው። አእምሯችሁ እያገላበጠ ይደክማል። ከትከሻው በላይ ሲታይ ግን እጆቹ በእናንተ እጅ ቦታ ይቀመጣሉ።

ስታዩ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ ትርኢቱን ብቻ እዩ። ከዚያ ማብራሪያውን በድምፅ። ሦስተኛው ላይ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ፤ ዩቲዩብ እስከ 0.25 ድረስ ይቀንሳል። በኮምፒውተር ከሆነ ቪዲዮውን አቁማችሁ የነጥቧን ቁልፍ ስትጫኑ አንድ አንድ ምስል ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኮማዋ ቁልፍ ወደ ኋላ ይመልሳል። በዚህ ጊዜ ዘዴውን የሚሠራውን እጅ ሳይሆን ሌላኛውን ተመልከቱ። ጀማሪ የሚረሳው ምንም የማይሠራውን እጅ ነው፤ ሚስጥሩ የሚጋለጠውም ብዙ ጊዜ በእሱ ነው። በመጨረሻ በሙሉ ፍጥነት ደግማችሁ እዩና ቪዲዮውን ዝጉ። እየከፈቱ አብሮ መሥራት እጅ ያስለምዳል እንጂ አያስተምርም፤ ቪዲዮው ሲጠፋ ዘዴውም ይጠፋል።

ሁለቱን ማጣመር፦ ፍሬንች ድሮፕ

ሳንቲም ከአንድ እጅ ወደ ሌላው የተዛወረ ይመስላል፤ በእውነት ግን እዚያው ቀርቷል። የመጽሐፉና የቪዲዮው ድርሻ እንደዚህ ዘዴ ግልጽ ሆኖ የሚታይበት የለም።

ከመጽሐፍ የምትወስዱት አቀማመጡን ነው። ግራ መዳፋችሁ ወደ ላይ ይሁን። ሳንቲሙን ጠርዙን በአውራ ጣትና በመሃል ጣት ጫፍ ያዙት፤ ፊቱ ለተመልካች ይታይ። በአውራ ጣትና በመዳፍ መካከል ክፍተት አለ። ቀኝ እጃችሁ ይምጣ። የቀኝ አውራ ጣት ከሳንቲሙ ሥር በዚያ ክፍተት ይግባ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከፊት ሆነው ሳንቲሙን ይሸፍኑ። ቀኙ ሲጨበጥ የግራው አውራ ጣት ይላላና ሳንቲሙ በግራ እጅ ጣቶች ላይ ይወድቃል። ቀኝ እጅ ተጨብጦ ይሄዳል። ግራው ዘና ብሎ ወደ ታች ይወርዳል።

መጽሐፉን ብቻ ተከትላችሁ ከሠራችሁ አቀማመጡ ትክክል ይሆናል፣ እንቅስቃሴው ግን ይቆራረጣል። ቀኙ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ሳንቲሙ ይወድቃል፣ ከዚያ ይሄዳል። ያቺ «ይቆማል» የምትለው ሚስጥሩን አጋልጣለች። ቪዲዮ የሚያስፈልገው አሁን ነው። ቀኝ እጅ ሳይቆም እንዴት እንደሚያልፍ፣ ሳንቲሙ የሚለቀቅበትን ቅጽበት፣ ግራ እጅ መቼ እንደሚወርድ በዓይን ማየት አለባችሁ። ይህን ምት የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይከብዳል።

ከዚያ ወደ መጽሐፉ ተመለሱ። ጥሩ መጽሐፍ ቪዲዮው ላይ በፍጥነት ያለፈውን ይነግራችኋል። ዓይናችሁ ቀኝ እጁን ይከተል። ተመልካች እናንተ ያያችሁትን ያያል። ግራ እጃችሁን ሰርቃችሁ ካያችሁ እሱም ያየዋል።

ልምምዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሳንቲሙን በእውነት ውሰዱት። በቀኝ እጃችሁ፣ ያለ ምንም ዘዴ። ደጋግሙት። እጃችሁ ሲወስድ ምን ይመስላል? ትከሻችሁስ? አሁን አንዴ በእውነት፣ አንዴ በዘዴ እያፈራረቃችሁ በስልክ ቅረጹ። ስታዩት የትኛው እውነት እንደሆነ መለየት ካቃታችሁ ደርሳችኋል። የተለየ ካለ ልዩነቱ የት እንዳለ ታያላችሁ፤ የምታስተካክሉትም እሱን ብቻ ነው።

ስለ መስታወትና ስለ ካሜራ

መስታወት ፊት መለማመድ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ቀና ብላችሁ እንድታዩ ያስገድዳል። ነገር ግን አንድ መጥፎ ልማድ ይደብቃል። ብዙ ሰው ዘዴውን በሚሠራባት ቅጽበት ዓይኑን ያርገበግባል። ዓይኑን ስለጨፈነ መስታወት ውስጥ ያንን አያይም፤ ሚስጥሩንም ከራሱ ይደብቃል። ካሜራ ግን ይይዘዋል። ስልካችሁን በተቀመጠ ተመልካች የዓይን ከፍታ አቁሙት። ቀጥሎ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ አዙሩት። አስተማሪው በአንድ ካሜራ ፊት ነው የሠራው፤ የእናንተ ተመልካቾች ግን ሳሎን ውስጥ ዙሪያውን ነው የሚቀመጡት።

የትኛው የት ይበልጣል?

ምት የሚገዛቸው ነገሮች ላይ ቪዲዮ ይበልጣል። የካርታ ማሳመሪያ እንቅስቃሴዎች፣ የገመድ ቋጠሮ፣ አራት ካርታ እየቆጠሩ አንዱን የሚደብቀው ኤልምስሊ ካውንት፣ እነዚህን አንድ ጊዜ ማየት ብዙ ገጽ ያስቀራል። በሒሳብ የሚሠሩ የካርታ ትርኢቶች፣ የሐሳብ ንባብ፣ ስለ ትኩረት ማስቀየስና ስለ ትርኢት አወቃቀር የሚያስተምሩ ነገሮች ደግሞ በመጽሐፍ ይሻላሉ። ዋጋውም ይለያያል። የሚሸጥ ማስተማሪያ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ አንድ ዘዴ ብቻ ይሰጣል፤ በተቀራራቢ ዋጋ አንድ መጽሐፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ይዟል። የሞባይል ዳታ እየቆጠረ ለሚማር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

መምህር አጠገብ ስለሌለ ብቻ ወደ ኋላ የምትሉ ካላችሁ ሁለት ሰዎችን ላስታውሳችሁ። ሃርላን ታርቤል በ1926 በፖስታ የሚላክ የምትሃት ትምህርት ጀመረ፤ 60 ትምህርቶች ነበሩት፣ ሥዕሎቹንም ራሱ ነው የሣላቸው። ተማሪዎቹ ፖስታ ከፍተው፣ ወረቀት አንብበው ነው የተማሩት። አርጀንቲናዊው ሬኔ ላቫንድ ደግሞ በ9 ዓመቱ በአደጋ ቀኝ እጁን አጣ። መጽሐፎቹ ሁሉ ለሁለት እጅ የተጻፉ ስለነበሩ እያንዳንዱን ዘዴ ለአንድ እጅ ራሱ መፍጠር ነበረበት። በአንድ ግራ እጁ ከዓለም ታላላቅ የካርታ ምትሃተኞች አንዱ ሆነ።

ለሰው ስታሳዩ

በቁልፍ ካርታው ጀምሩ፤ ፍሬንች ድሮፑን እጃችሁ ሲላመድ አስከትሉ። ለአንድ ሰው አንድ ትርኢት ሁለቴ አታሳዩ፤ «ድገመው» ሲሏችሁ ሌላ አሳዩ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ የሚመጣውን ስለሚያውቅ እጃችሁን ነው የሚያየው። «እንዴት ሠራኸው?» ሲባል አትንገሩ። ልጆች ቢለምኗችሁም።

ቤት ስትመለሱ ደብተራችሁን ክፈቱ። ሰው የሳቀበትን፣ ዝም ያለበትን፣ «ቆይ፣ እጅህን አሳየኝ» ያለበትን ቦታ ጻፉ። ከዚያ መጽሐፉን ወደዚያው ገጽ መልሳችሁ አንብቡ። ባለፈው ያልታያችሁ ዓረፍተ ነገር ታገኛላችሁ። ሁለቱ ትርኢቶች እጃችሁ ላይ ከረጉ በኋላ ቀጣዩ የካርታ መበወዝ ምዕራፍ ነው። የተመልካቹን ካርታ እየበወዛችሁ ከላይ ማቆየት ስትችሉ ቁልፍ ካርታም አያስፈልጋችሁም።